የሌላ ሰው ጭረት

ኢሎኢሎ ከተማ፣ ከወደቡ ማዶ፣
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ተቀዶ፣
ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆሙ ከባንኮኒው፤
«ልጄ፣ ያ በብዕር የሚሥሉበት ሰሌዳ ስንት ነው?
ርካሹን፤ ለጀማሪ የሚሆነውን።»
«ለልጅ ልጅዎ ነው?» ብዬ ፈገግ አልሁ።
«ለራሴ» አሉኝ። አፈርሁ።

ቲዮ ክሪሳንቶን የማያውቅ ማን አለ?
ሠላሳ አንድ ዓመት እጃቸው የሣለ
ጂፕኒ በሚሉት ታክሲ ጎን፣ በቆርቆሮ፣
ፈረስ፣ መርከብ፣ ክንፉን የዘረጋ አውራ ዶሮ፣
የሹፌሩን እናት ስም በወርቅማ ፊደል፣
ከኋላ መከላከያው ላይ «ቀስ በል»።
ዛሬ ተለጣፊ መጣ፣
ማታ ታትሞ ጠዋት ስምሪት የሚወጣ።
«ከተሸነፍሁ አይቀር» አሉኝ፣ «ካሸነፈኝ ዘንድ ልቀጠር»፤
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ለነገር።

ከዚያ እኔ፣ ኮሚሽን አዳሪዋ እኔ፣
ውዱ ላይ አረፈ ዓይኔ፤
ባለ ስክሪኑን አውጥቼ አበራሁት፣
«ስምንት ሺህ የግፊት ደረጃ ይለያል» አልሁት፣
ለሳቸው ሳይሆን ለዕቃው የማወራ ይመስል።
«እኔ የማውቀው ሦስት ነው» አሉ ዝግ ብለው፣
«ቀስ፣ ጫን፣ እና በቃህ ተው።»
ዋጋውን ነገርኋቸው። ኪሳቸውን አልነኩም፤
እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፣ ምንም አላሉም።

በሳምንቱ ተመለሱ።
ወደ ስክሪን አልባው ወረድን።
«ይሄኛው ከኮምፒውተር ይሰካል፣ ራሱ ምንም አያሳይም፤
እየሣሉ እጅዎን አያዩም።
እጅ እዚህ ይሄዳል፣ ዓይን እዚያ ማዶ ያያል፤
ጀማሪ ሁሉ በዚህ ይማረራል።»
ከደጅ አንድ ጂፕኒ ጭቃ ረጭቶ አለፈ።
«ሹፌር» አሉኝ፣ «መሪውን እያየ ነው የሚነዳው?»
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ትንሹ ሺህ ስምንት መቶ ፔሶ፤ መዳፍ አያህልም።
«እኔ የምሥለው ከትከሻዬ ነው፤ በዚህ ላይ ክንዴ አይዘረጋም።»
ሰፊው ሦስት ሺህ ከምናምን።
የብስኩት ቆርቆሯቸውን ከፈቱ፣
ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ዘጉት።

ከባንኮኒው ሥር አንድ አሮጌ ነበር፣ ሰፊ፤
አንዲት ተማሪ ሸጣው የሄደች፣
መሐሉን ፍቃ ፍቃ የጨረሰች።
ላሳያቸው አፍሬ ነበር። ራሳቸው አዩት፤
ወደ አምፖሉ አዘንብለው ያዙት፤
ጠርዙ እንደ አዲስ ይለሰልሳል፣
መሐሉ ግን ክብ፣ ክብ፣ በክብ ላይ ክብ፣
የማይገጥም ዓይን፣ የማይዘጋ ከበብ።
«ይቺ ልጅ» አሉ በጥፍራቸው መስመሩን እየተከተሉ፣
«ግራኝ ናት። ጭረቱ ወዴት እንደሚጋደም አየሽ?
ክብ አልሆን ብሏት ስንት ሌሊት አድራለች!»
ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ይሠራል?»
«ይሠራል። የብዕሩ ጫፍ ብቻ አልቋል፤
አምስት ቅያሪ ከኔ።»
ሺህ ሁለት መቶ ከፈሉኝ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር ማቅጠኛ እየሸተተ።
ኮሚሽኔ? አንድ ሳህን ሩዝ፣ እሱም ያለ ዓሣ።

በወሩ ደወሉ። ድምፃቸው ተቆጥቷል።
«ልጄ፣ ይሄ ነገር ወደ ኋላ ይመልሳል!
መስመር ስስት እነካዋለሁ፣ ይጠፋል፤ እነካዋለሁ፣ ይጠፋል፤
አሥራ ስምንት ጊዜ አንድ አውራ ዶሮ ጀመርሁ፣
አንድም ዶሮ የለኝም።
ቆርቆሮ ላይ ስስት ስህተቱን ላባ አደርገው ነበር፤
አሁን ላባው ከየት ይምጣ?
ያንን ቁልፍ እንዴት ነው የማጠፋው?»

አንድ ደንበኛ ስክሪኑን እየነካካ ዋጋ ይጠይቀኛል።
«ይጠብቁ» አልሁት፣
ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣
«ቲዮ፣ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ…»